የቀዳዳ ዋጋ

ከባሕሩ ግድብ ወዲህ፣ ፍሪስላንድ ዳርቻ፣
ጎርፍን የሸሸ ሰው፣ በቅርጫት ብቻ፣
አፈር ተሸክሞ የቆለለው ጉብታ፤
በላዩ አንድ ቤት አለ፣ ሦስት መቶ ክረምት የረታ።
ፊቱ ለሰው ጠባብ፣ ጀርባው ለከብት ሰፊ፣
አርባ ላም፣ ሰባት ልጅ፣ ባንድ ጣራ አቃፊ፤
የሸምበቆ ክዳኑ እስከ መስኮት ወርዶ
እንደ አሮጌ ባርኔጣ ግንባሩን ጋርዶ።

አናጢ ነኝ። ዳወ ይሉኛል። ሊያድሱት የመጡት ባልና ሚስት
የሮተርዳም ሰዎች ናቸው፤ ብዙ ወረቀት፣ ጥቂት ትዕግሥት።
«ቤቱ አይነካ» አሉኝ፣ «ታሪክ ነው» አሉ ደግመው፣
ከዚያ የሚነካውን ዝርዝር አነበቡልኝ ቆመው፦
የድርቆሹ በር ይውጣ፣ መስታወት ይግባ፤
በጋጡ ወለል ሥር ይቀበር የሙቅ ውሃ ቧንቧ፤
ወተት ሲቀዘቅዝ የኖረበት ጓዳ
ወይን ይደርደርበት ለሚመጣው እንግዳ፤
የከብቱ ሽታ ይጥፋ፣ ምሰሶው ግን ይኑር፣
ተፍቆ፣ ዘይት ጠጥቶ፣ እንደ ሙሽራ ይመር።

ምሰሶውን ስፍቅ ከአቧራው ሥር ፊደል ወጣ።
በቢላ የተጫረ የላሞች ስም፦
«መበለቲቱ»፣ «ቀበጧ»፣ «ባለ ነጭ ካልሲዋ»፣
ከሁሉ በታች፣ «የረገጠችኝ ያችኛዋ»።
ማሽኑን አጠፋሁ፤ ያን ምሰሶ ዘለልኩት፤
ሌናርትን «እንጨቱ ክፉ ነው» ብዬ ዋሸሁት።

አንድ ነገር ግን ዘጋሁ።
ከጣራው ጫፍ፣ ሁለት የእንጨት ወፎች
አንገት ለአንገት የሚተያዩበት ሳንቃ መሐል
ክብ ቀዳዳ አለ፤ የጉጉት መግቢያ።
ጉጉት እኛ ዘንድ ሟርተኛ አይደለችም፤
የእህል ዘበኛ ናት፣ ደመወዟ አይጥ።
«ሙቀት ያፈሳል» አለች ማሬይከ፤ ቁጥር አሳየችኝ፤
ሙቀትም እንደ ገንዘብ በቀዳዳ እንደሚያልቅ አስረዳችኝ።
በአሥራ ሁለት ሚስማር ጠረቀምኩት።

በጥር፣ እኩለ ሌሊት፣ ስልኬ ጮኸ።
«ጣራችንን የሚያንኳኳ ሰው አለ» አለኝ ሌናርት።
«ሰው አይደለም፣ ተኛ» አልኩት።
እኔ ግን አልተኛሁም።

በመጋቢት ባውክየ መጣች፤ እዚያ ቤት ነው የተወለደችው፤
ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ምርኩዟን መኪና ውስጥ ተወችው።
ታለቅሳለች ብለን ጠበቅን፤ መሐረብ ያዘጋጀም ነበር።
ቁም ሳጥኑን ከፈተች፤ ልብስ ማጠቢያው ይዞር ነበር።
«አልጋችን እዚህ ነበር» አለች። «አራት እህትማማች፣
በሩን ከውስጥ ዘግተን፣ ግማሽ ቁጭ ብለን፣
አንዷ ስታስል ሁላችን ስንባንን።»
ሳቀች። «ማሽኑ ይሻላል።
እኛ በሳምንት አንዴ ነበር የምንታጠብ።»

ከዚያ ጫማዋን አወለቀች፤ ካልሲዋንም።
የላም ሽንት ይወርድበት በነበረው ቦይ፣
በሞቀው ወለል ላይ
እግሮቿን አሳረፈች።
ብዙ ጊዜ ዝም አለች።
«እናቴ» አለች በመጨረሻ፣
«ይሄን ወለል ለአንድ የካቲት ብቻ ብታገኝ
ጉልበቷ ከሷ ቀድሞ ባልሞተ።»

ልትሄድ ስትል ወደ ጣራው ቀና አለች፦
«ጉጉቷስ በየት ትገባለች?»
ማሬይከ ወደ ሌናርት፣ ሌናርት ወደ እኔ፣
እኔ ወደ ጫማዬ።

በማግስቱ መሰላል አቆምኩ፤ ሚስማሮቹን ነቀልኩ።
ከቀዳዳው ጀርባ ሳጥን ሠራሁ፣
በሱፍ የታሸገ፣ ብርድ ወደ ሰው የማያሳልፍ፤
ለአንዲት ወፍ አንድ ክፍል ቤት።

በሚያዝያ ፎቶ ላከልኝ፦ በአዲሱ መስታወት ደጃፍ
አውራ ጣት የምታክል ጥቁር እንክብል፣
ውስጧ የአይጥ አጥንት።
«ምንድን ነው ይሄ?»
«ኪራይ ነው» አልኩት።

«ሂሳብህን ላክ» አለኝ። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ።
ሳንቃ፣ ይህን ያህል። ሱፍ፣ ይህን ያህል።
የግማሽ ቀን ሥራ።
አሥራ ሁለት ሚስማር፣ ተመላሽ።
ቀዳዳው ላይ ስደርስ እርሳሴ ቆመ፤
እንጨት ሸጬ አውቃለሁ፣ ክፍተት ግን ሸጬ አላውቅም።
ዜሮ ጻፍኩበት፣
ትልቅ፣ ክብ፣
ጉጉት የሚያሾልክ።